የአበልጄ መቀመጫ

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ሽታ ከናፍጣ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጬ ቆም እላለሁ። አሁን የምኖርበት አገር ባሕር ዳር ነው፤ የምሠራላቸው ሰው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ አንዲት ባለ ሞተር የመዝናኛ ጀልባ አለቻቸውና የብርዱን ወራት ሙሉ ከውሃ አውጥተው፣ ሠራተኛ ሳይቀጥሩ፣ ቁም ሣጥኑንም መደርደሪያውንም የመብራቱንም ገመድ በገዛ እጃቸው ሲገጥሙ ይከርማሉ። እኔ ምሳቸውን በሳህን ሸፍኜ እወስድላቸዋለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ቀን መሰላሉን ወጥቼ ወደ ውስጥ ብዘልቅ፣ ሰውዬው ተንበርክከው፣ የውሃውን ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ሊገጥሙ የጀልባዋን ሆድ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሲበሱ ደረስኩ፤ ሰጋቱራው እየተጥመለመለ ሲወጣ አየሁ፣ ብረቱ እንጨቱን ጨርሶ ወደ ማዶ ሲሾልክም ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁና፣ «ኧረ በእመቤቴ! ምን ማድረግዎ ነው?» ብዬ በገዛ ቋንቋዬ ጮኽኩ። ዞር ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሳህኑን አስቀምጬ ወረድኩና ከታች ሆኜ ቀዳዳውን ቀና ብዬ ሳየው፣ ልቤ ያን ሁሉ ዘመን ያለፈበትን ቂም ትናንት እንደተፈጸመ አድርጎ አነሣብኝ።

አባቴ መኩሪያ የመካነ ሰላም አናጢ ነበር። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ሞት ሲመጣም የሬሳ ሣጥን ይሠራ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም በኩል እየተጠራ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ሠርቶ፣ ፆሙ ሳይገባ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ድልድይ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ወንዙ ዳር የደረሰን ሰው የሚያሻግረው አያ ደምሴ ብቻ ነበር። አያ ደምሴ የፍየል ስልቻ ነፍቶ፣ ከላዩ ግንድ ረብርቦ፣ በጠፍር አስሮ፣ ሰውና እህል ጭኖበት ራሱ ከኋላ እየዋኘ ይገፋ ነበር። ሳቂታ፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ወሬ የሚያውቅ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜን እንግዳውን ክርስትና ያነሣው እሱ ስለሆነ ከአባቴ ጋር «አበልጄ፣ አበልጄ» እየተባባሉ ነበር የሚጠራሩት፤ ቤታችን ሲመጣ እናቴ ጥሩነሽ ለአባቴ ያስቀመጠችውን ለእሱ ታቀርብለት ነበር፤ እኛም ልጆቹ ጉልበቱን እንስም ነበር።

አንድ በጋ ላይ አባቴ ከጎጃም ሲመለስ፣ ርብራቡ መኻል ወንዝ ላይ አዘነበለና የመሣሪያ ሣጥኑ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ገባ። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮዎቹ ሁሉ ሄዱ።

«አበልጄ፣ ሣጥኑ! ሣጥኑን!» ብሎ ጮኸ አባቴ።

«ተወው፣ ዓባይም ለቤቱ በር ይግጠምበት» አለና አያ ደምሴ ሳቀ፤ የተሳፈሩትም አብረው ሳቁ።

ከመሣሪያው ሁሉ የተረፈው አባቴ ትከሻው ላይ ባንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ የነበረው መሰርሰሪያ ብቻ ነበር፤ በሁለት እጅ የሚጠመዘዝ፣ መያዣው ከወይራ የሆነ፣ ከአባቱ የወረሰው። ቤት ገብቶ መሰርሰሪያውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ «ከእንግዲህ በፍየል ቆዳ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃ አልሻገርም። ጀልባ እሠራለሁ፤ ባለ ሞተር» አለ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበርና እንዝርቷን ሳታቆም፣ «አይተህ ታውቃለህ ወይ?» አለችው። «ጣና ላይ አይቻለሁ» አላት።

በዚያው በጋ ሌላ መሣሪያ ገዝቶ፣ ዋንዛ አስጥሎ፣ አስገምሶ፣ ሳንቃውን ግቢያችን ውስጥ በጥላ አደረቀ። ከመካነ ሰላም እስከ ወንዙ ድረስ ስንት ሰዓት የሚያስኬድ ቁልቁለት ነው፤ ሰው ግን እዚያ ደጋ ላይ፣ ውሃ በእንስራ ከሚቀዳበት ሰፈር፣ የጀልባ ጎን ቀጥ ብሎ ሲቆም እያየ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ፣ «አያ መኩሪያ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለኛም ቦታ ያዝልን!» ይለው ነበር። አባቴም እርሳሱን ከጆሮው ሥር አውጥቶ እያሰመረ፣ «አንተንስ ከእንስሳቱ ጋር ነው የማስገባህ» ይል ነበር። እኔ የተላገውን እንጨት ፍቅፋቂ ጥቅል ጥቅሉን እየመረጥኩ አንገቴ ላይ እንደ ድሪ አንጠለጥለው ነበር፤ የዋንዛው ሽታ ቀሚሴ ላይ ያድር ነበር።

በልጉ ሲገባ፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ፣ አባቴ አጅባር ገበያ ወርዶ የተበላሸ የመስኖ ፓምፕ ሞተር በበቅሎ ጭኖ መጣ። ሞተር ፈትቶ አያውቅም። ጆንያ አንጥፎ ቡሎኑን አንድ በአንድ እየፈታ፣ በናፍጣ እያጠበ፣ በፈታበት ተራ እየደረደረ፣ እኛን ልጆቹን «ጥላችሁም እንዳያርፍበት» እያለ ያባርረን ነበር። ለሞተሩ ማረፊያ ዋንዛ አይችለውም ብሎ ወይራ ጠረበለት። ውሃውን የሚገፉትን ክንፎች ከላሜራ ቆርጦ ዘንግ ላይ አስበየደና፣ ወንዝ በሌለበት እንዴት ይሞከራል ብሎ ሲያስብ ቆይቶ፣ በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀድቶን ክንፎቹን እዚያ ውስጥ ነክሮ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አጓርቶ ሲነሣ በርሜሉ ውስጥ አንድም ውሃ አልቀረም፤ ሊያዩ የመጡትን ጎረቤቶች፣ እናቴን፣ የተሰጣውንም ብቅል ሁሉ አራሰው። አባቴ ከእግር እስከ ራሱ ውሃ እየተንጠባጠበ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ለሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ የምትወትፈውን ጥጥ ፈትላ፣ ሰምና ሞራ አቅልጣ እየነከረች ሰጠችው፤ ከላዩም ሬንጅ ተቀባ።

ክረምቱን እንዲሁ ጠበቅን። ዓባይ ሞልቶ ግንድ እየጠረገ ስለሚሄድ ሰውም አይሻገርም፣ ጀልባውም ተገልብጦ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ፤ እኛ ከሥሩ ገብተን ቤት ቤት እንጫወት ነበር። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል፣ አባቴ ፈታትቶ በደቦ አስወረደው፤ ጎኑን በጎን፣ ሆዱን በሆድ፣ ሞተሩን በአራት ሰው ሸክም። ከተሸከሙት አንዱ አያ ደምሴ ነበር። ወንዙ ዳር ጎጆ ቀልሰን ከረምንና አባቴ መልሶ ገጣጠመው።

አባቴ ሥራውን ጨርሶ ለኅዳር ሚካኤል ሊያንሳፍፈው ሲል፣ በዋዜማው አያ ደምሴ ወደ ጎጆአችን መጣ። እንግዳውን ጉንጩን ሳመው፤ እኔንም አነሣኝ። ከዚያ፣ «አበልጄ፣ የቤቴ በር መቃን ተሰንጥቆብኛል፣ መሰርሰሪያህን ለዛሬ አውሰኝ» አለው። አናጢ መሰርሰሪያውን አያውስም፤ አባቴ ያንን መሰርሰሪያ ለማንም አውሶ አያውቅም ነበር። ግን አበልጅ ነውና፣ አበልጅ ጠይቆ እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል? ከጎጆው ግድግዳ አውርዶ በሁለት እጁ ሰጠው። በማግሥቱ ጠዋት አያ ደምሴ መልሶ አመጣው፤ በቅባት ወልውሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ።

የሚካኤል ዕለት ወንዙ ዳር ሰው እንደ ገበያ ሞላ። የደብራችን ቄሰ ገበዝ ጠበል ረጩ። ገበያተኞች ገቡ፣ አባቴ ገመዱን ሳበ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋም ወንዙን ሰንጥቃ ሄደች፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልል ለማለት ፈርታ ቆማ ነበር። መኻል ላይ ሲደርሱ አባቴ ጎንበስ አለ። ከዚያ የተሳፈሩት ሴቶች ጩኸት መጣ። ውሃ ከሞተሩ ማረፊያ ሥር ሽቅብ እየፈላ ይገባ ነበር፤ ጀልባዋ ስታጋድል ሞተሩ ከቦታው ተነቃነቀ፣ አባቴ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባበት ሊይዘው እጁን ሰደደ፣ የሚሽከረከረው ዘንግም ቀኝ እጁን ወስዶ ከወይራው ጋር አጣበቀው።

ሰዎቹን ሁሉ ያወጣቸው አያ ደምሴ ነው። ርብራቡን አዘጋጅቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ዳር ላይ ቆሞ ነበርና። አንድም ነፍስ አልጠፋም። ሰው ትከሻውን እየሳመ አለቀሰ። አባቴን በደም የተነከረ ነጠላ እጁ ላይ ጠምጥመው ሲያወጡት፣ ሁለቱ ጣቶቹ አልነበሩም።

ያ በጋ ለእኛ ቤት መራር ነበር። እናንተ የአናጢ ቤት ዝምታ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ መዶሻ አይሰማም፣ መጋዝ አይሰማም፣ ደጅ የሚያንኳኳም የለም። በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ጠፋ። ገበያ ላይ እናቴ ስታልፍ፣ «መኩሪያኮ የሬሳ ሣጥን ነው የለመደው፤ ለቁም ሰው መሥራት አያውቅበትም» ሲሉ ትሰማ ነበር። ጠጅ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሲራገም፣ «በመኩሪያ ጀልባ ተሳፈር!» ይለው ጀመር። አባቴ ጣቶቹን አላለቀሰላቸውም፤ ስሙን ግን አለቀሰለት፤ እንጨት ሠርቶ አንድም ቀን «ተሰነጠቀብኝ» ተብሎ የማያውቅ ሰው ነበርና።

ጀልባዋ ከታች አሸዋ ላይ ተወትፋ ተገኝታ ነበር። ቁስሉ ሲጠግ ወረደና ገልብጦ አያት። ከሞተሩ ማረፊያ ሥር፣ ሰው ዓይን ከማይደርስበት ቦታ፣ በመጨረሻው ሳንቃ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በጭቃና በእበት ተደፍነው፣ ሬንጅ ተቀብተው፣ መድፈኛቸው ውሃ ሲነካው የሟሟ። አባቴ ከከረጢቱ መሰርሰሪያውን አወጣና አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገባው። ልክ ገባ። እናቴን ቀና ብሎ አያት፤ እናቴም መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ቄሰ ገበዙ ነበሩ፣ ሁለት አዛውንቶች ነበሩ። አያ ደምሴ ፊቱ ሳይለወጥ፣ «መሰርሰሪያ ሁሉ አንድ ነው። እኔ መቃኔን ነው የበሳሁት። ሰው ያዳንኩ እኔ፣ ዛሬ እንዲህ ልባል?» አለ። አባቴ፣ «ታቦት ይዞ ይማል» አለ። ቄሰ ገበዙ ግን፣ «ክርስትና ያስተሳሰራቸው ሁለት ሰዎች በማኅላ አይለያዩም፤ እኔ አላስምልም። የሆነው ሆኗል» አሉና ፈረዱ፤ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳሙ፣ ደምሴ መኩሪያን ወንዙን አይከልክለው፣ መኩሪያም ጀልባውን ዳግም ቢሠራ ደምሴን ቦታ አይከልክለው፣ በመጣ ጊዜ ያሻግረው። አባቴ ያን ሦስት ጣት የቀረበትን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እሺ አባቶቼ። ቦታ አልከለክለውም» አለ። ሽማግሎቹ መረቁ፤ አሜን ተባለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከኋላ ሆና፣ «ይቅር አልክ?» አለችው።

«ቦታ ስጠው አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«እሰጠዋለኋ!» አለና፣ ከሚካኤል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እናቴም ገባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

በዚያ በልግ በጎደለ እጁ መሣሪያ መያዝ እንደገና ተማረ፤ መጋዙ እያመለጠው፣ መዶሻው እየወደቀበት። ሞተሩን ዳግም ፈትቶ አጠበ፣ ጀልባዋን አደሰ፣ ሆዷን አዲስ ሳንቃ አለበሰ። የተበሳውን ሳንቃ ግን አልጣለውም። ቆርጦ፣ ዳርና ዳሩን አድቦልቡሎ፣ ላገው፣ በብርጭቆ ስባሪ ፋቀው፣ የኑግ ዘይት እየቀባ በጨርቅ እያሸ እንደ መስተዋት አበራው። በሕይወቱ ከሠራው እንጨት ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላየሁም። ሦስቱን ቀዳዳዎች አልነካቸውም። ከዚያ እግር ሠራለት፣ መደገፊያ አበጀለት፣ ከጀልባዋ መኻል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን በሚጥልበት ቦታ፣ በአራት ቡሎን አሠረው።

ክረምት አልፎ መሻገር ሲጀመር ሰው መጀመሪያ ፈራ። እናቴ እኔንና እንግዳውን ይዛ ሰው እያየ ደጋግማ ተመላለሰች። ቀስ በቀስ መጡ። ሌላው ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ወይም ጭነቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ያ የሚያበራ መቀመጫ ግን ባዶውን ይሄድ ነበር።

«አያ መኩሪያ፣ ይኼ ባዶ አይደል? ልቀመጥበት።»

«የለም እታለም፣ እሱ የአበልጄ ቦታ ነው።»

«ኧረ? ቀዳዳው ምንድን ነው?»

«እንዲህ ሆኖ ነው የተገኘው።»

ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አውጥቶ አያውቅም። ስም አልጠራም፣ አልከሰሰም፣ አልሰደበም። ከወረኢሉ በቅሎ እየነዳ የሚመጣ አያ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ቀዳዳውን ጎንበስ ብሎ አየ፣ የአባቴን እጅ አየ፣ ጢሙን ይዞ፣ «ወላሂ መኩሪያ፣ ለአበልጁ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ሰው አይቼ አላውቅም!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ያ ሰው በየገበያው ወሬውን ይዞት ዞረ። ሰው እየመጣ መቀመጫውን ብቻ ለማየት ይሻገር ጀመር። አያ ደምሴ ለሽማግሎቹ «ሰደበኝ» ብሎ አቤት ቢል፣ አባቴ፣ «አባቶቼ፣ ቦታ ስጠው አላላችሁም? ማንም እንዳይቀመጥበት ስጠብቅለት ነው የኖርኩት» አላቸው፤ ቄሰ ገበዙም አንገታቸውን ደፉ።

ስንት በጋ እንዲህ አለፈ። አያ ደምሴ ስልቻው ላይ የሚሳፈርለት አጣ፤ ማዶ ጉዳይ ሲኖረው ራሱ ብቻውን ይዋኝ ነበር፤ እኛ ጀልባ ላይ ሆነን በአጠገቡ ስናልፍ ጭንቅላቱ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ ይታየን ነበር። አባቴ ሞተሩን ዝግ አድርጎ፣ «አበልጄ፣ ቦታህ አለ!» ብሎ ይጠራው ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይዋኝ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ጭንቅላቱን ዓይኔን ሳልነቅል ስከተለው፣ እንዲደክመው እመኝ ነበር። ግን አባቴ የፈለገው እሱ እንዲሰምጥ አልነበረም። የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ሰው አፍ፣ ሰው ባለበት፣ እውነቱ እንዲሰማ። ሰው ቀልዱን ቢያውቅም እኮ፣ «መኩሪያ ሥራው ተበላሽቶበት በአበልጁ አላከከ» የሚል አሁንም ነበር፤ ከማዶ ለቤተ ክርስቲያን በር ሥራ አሁንም አልተጠራም ነበር።

አንድ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሳይወጣ ስለዘገየ ዓባይ ገና ሞልቶ ቀይ ሆኖ ሳለ፣ የአያ ደምሴ ልጅ ማዶ ባገባችበት ቤት ምጥ ጠንቶባት ሦስተኛ ቀኗ እንደሆነ ሰው ከዳር ሆኖ በጩኸት ተናገረ። በዚያ ውሃ ስልቻ አይሞከርም፤ ዋናም አይሞከርም፤ የሚደፍረው የአባቴ ሞተር ብቻ ነበር። ያን ጠዋት ጀልባዋ ላይ ቄሰ ገበዙ ነበሩ፣ አያ ሰይድ ነበረ፣ ሸክላ የጫኑ ሁለት ሴቶች፣ እናቴና እኔም ነበርን። አያ ደምሴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ዳር ወረደ። አባቴ ገመዱን ይዞ ቆሞ አየው። አያ ደምሴ ማንንም ሳያይ ገባና ወለሉ ላይ ከሸክላዎቹ መኻል ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«አበልጄ፣ መሬት ላይ ምን አስቀመጠህ? ቦታህ ይኸውልህ» አለው አባቴ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ተነሣ። ተቀመጠ። ጋቢው ቀዳዳዎቹን ሸፈናቸው። ሞተሩ ተነሣና ገባን። መኻል ስንደርስ አባቴ ጋዙን ቀነሰ፤ አፍንጫዋን ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ አዞራት፤ ጀልባዋም ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳትል፣ ውሃው በጎንና በጎኗ እየተምዘገዘገ፣ እዚያው ቆመች። ያንን ስንት በጋ ለብቻው ሲለማመደው ነበር የኖረው። ሴቶቹ ሸክላቸውን አቅፈው፣ «ምን ሆነ? በወላዲት አምላክ!» አሉ።

«ምንም አልሆነም» አለ አባቴ። «አበልጄን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው። አበልጄ፣ አንተ ከልጅህ እንድትደርስ እፈልጋለሁ። እኔም ስሜ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ሳንቃ ማን በሳው?»

አያ ደምሴ ውሃውን አየ። አንደኛዋ ሴት የእናቴን ክንድ ይዛ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ እባክሽ ባልሽን ተይ በይው!» አለቻት። እናቴ ፊቷን ሳትመልስ፣ «እኔ ሞተር አላውቅም» አለች።

«መኩሪያ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «ሴቲቱ ምጥ ላይ ናት፣ እግዚአብሔርን ፍራ!»

«ስለምፈራ ነው እኮ አባቴ፣ ዛሬ ማኅላ ያልጠየቅሁት። ጥያቄ ብቻ ነው።»

ሞተሩ ዶቅ ዶቅ ይል ነበር። አያ ደምሴ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ጣቱን አንዱ ቀዳዳ ላይ አሳረፈ፤ ከከንፈሩ አንድ ነገር ወጣ።

«አልተሰማም። ሞተሩ ይጮኻል።»

«እኔ ነኝ!» አለ።

«ምኑን?»

«የበሳሁት። ጀልባህን።»

«በምን?»

«በመሰርሰሪያህ… ባዋስከኝ።»

«ለምን?»

ይኼን ሲመልስ ድምፁ ተሰበረ። «እንጀራዬን ወሰድክብኝ ብዬ። ሰው እንዳይሞት ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እጅህን ግን… እጅህን አላሰብኩም፣ አበልጄ።»

አባቴ ፊቱን አዞረና፣ «ቄሰ ገበዝ፣ ሰምተዋል?» አለ።

«ሰምቻለሁ። ንዳ!»

«አያ ሰይድ፣ ሰምተሃል?»

«ያረቢ! ሰማሁ፣ ወረኢሉም ይሰማዋል፤ ንዳ አንተ ሰው!»

ጋዙን ሰጣት። ማዶ ስንደርስ አባቴ ቀድሞ ወረደና አያ ደምሴ እንዲወርድ እጁን ዘረጋለት፤ ግራውን ሳይሆን ቀኙን፣ ሁለት ጣት የጎደላትን። ወንዙ ዳር ጭቃ ስለነበር ሳይጨብጣት መውረድ አይቻልም ነበር። ጨበጣት። ሲጨብጥ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ልጅቷ በሰላም ተገላገለች። ከቀናት በኋላ አያ ደምሴ ሲመለስ፣ ሳይጠሩት፣ መቀመጫው ላይ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ በጋ ከጎጃም ሁለት ደብር አባቴን ለበር ሥራ ጠራው፤ ጠጅ ቤቱም የቀድሞ እርግማኑን ተወ። ቄሰ ገበዙ ቤታችን መጥተው፣ «እንግዲህ ስምህ ተመልሷል፣ ያን ሳንቃ አንሣው፤ ክርስቲያን እንዲህ አያደርግም» አሉት። አባቴ መስቀላቸውን ተሳለመና፣ «አባቴ፣ አሁን ቦታ ልከለክለው?» አላቸው። አላነሣውም። ድልድዩ ተሠርቶ ጀልባዋ እስክትቀር ድረስ አያ ደምሴ የሚሻገረው እዚያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እየሸመገለ፣ ወገቡ እየጎበጠ። አባቴም እየደገፈ ያወጣውና ያወርደው ነበር።

ሁለቱም ዛሬ አፈር ናቸው። የንስሐ አባቴን በስልክ ሳገኛቸው ብዙ ነገር እናዘዛለሁ፤ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ያለፈኝን ፆም። ያን መስከረም ግን አንሥቼላቸው አላውቅም፤ ያልተጸጸትኩበትን ነገር ንስሐ ብዬ መውሰድ እግዜርን ማታለል ይመስለኛልና። ጠዋት ጠዋት «አባታችን ሆይ» ስደግም፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለው ቃል ላይ ስደርስ አሁን የማስበው አያ ደምሴን አይደለም። እሱ ከፍሏል። የማስበው ወደዚህ አገር ያስመጣችኝን ደላላ ነው። አባቴ አልጋ ላይ ወድቆ ሲጠራኝ፣ ፓስፖርቴን ይዛ፣ «ዛሬ፣ ነገ» እያለች፣ እስኪቀበር ድረስ አቆየችኝ። ፓስፖርቱን በሰው እጅ ላከችልኝ እንጂ ፊቷን አላየሁትም። ስደውል ቁጥሩ አይሠራም፤ ቢሮዋ የነበረበት ሕንፃ ላይ ሌላ ሱቅ ተከፍቷል፤ ስሟም እውነተኛ ስሟ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያን ጊዜ የበደለህ ሰው ክርስትና ያነሣልህ፣ ጎረቤትህ፣ በምትሻገርበት ውሃ የሚሻገር ሰው ነበር፤ የት ይሄዳል? በጋ ቢያልፍ ክረምት፣ ክረምት ቢያልፍ መስከረም፣ አንድ ቀን ወደ ዳር ይወርዳል። ዛሬ እዚህ ብዙ መንገድ አለ፤ አውሮፕላኑ፣ ባቡሩ፣ ድልድዩ፤ የበደለኝ ሰው በእኔ በኩል የሚያልፍበት ምክንያት የለውም። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት በትዕግሥት ሲጠብቅ ያደነቁት ሰዎች ነበሩ። እኔም ታጋሽ ነኝ። ግን እሱ የሚጠብቅበት ወንዝ ነበረው።